የጄኖቫ በረራ በሰዓቱ ስለተነሣ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ሩፐርት ሃንኪንሰን፣
የዊስልኤር አየር መንገድ የመንገደኞች እርካታ ዋና ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ በመሳፈሪያ በሮቻችሁ ላይ እንደተተከለው የሻንጣ መለኪያ ብረት የጠነከረ ይሁን እላለሁ። ጆቬሊን ማግባኑዋ እባላለሁ፤ ፊሊፒናዊት ነኝ፣ ቪየና ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በነርስነት እሠራለሁ። እርስዎ ባያውቁኝም ወንበሮቻችሁ በደንብ ያውቁኛል፤ እኔና ባልደረቦቼ ዓርብ ከሥራ ወጥተን፣ ዳቦ ከቤት ቋጥረን፣ ሊዝበንን ወይም አቴንስን አይተን፣ ሰኞ ጠዋት ከበሽተኞቻችን አልጋ አጠገብ የምንገኘው በእናንተ ርካሽ ትኬት ነው። እግዜር ይስጥልን።

በሦስት ዓመት ሃያ ሁለት ከተማ አይቻለሁ። ያለፈው ቅዳሜ ግን ለሽርሽር አልነበረም። አባቴ ኒካኖር የጭነት መርከብ መካኒክ ነው። እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ያኔ እሱ ባሕር ላይ፣ እኔ እዚህ ነበርንና አንዳችንም ለቀብሯ አልደረስንም። ከዚያ ወዲህ የእሱ ፈቃድና የኔ ፈቃድ ተገጣጥሞ ስለማያውቅ፣ አባትና ልጅ ሆነን እርስ በርስ እንኳ ለቅሶ አልተደራረስንም። መርከቡ ጣሊያን አገር ጄኖቫ ወደብ ለስድስት ሰዓት ያህል ብቻ እንደሚቆም ሲነግረኝ የእናንተን የጠዋት በረራ ትኬት ቆረጥኩ፤ ምስጋናዬም በተራ ቁጥር እነሆ።

1ኛ. ስለ ቦርሳዬ። በነጻ የምትፈቅዱት ከወንበር ሥር የምትገባ አንዲት ቦርሳ ናት። እኛ ዘንድ ደግሞ ባዶ እጁን ሰው ጋ የሚሄድ ነውረኛ ነው፤ ለአባቴ ብቻ ሳይሆን አብረውት ላሉት አሥራ ስምንት የአገሬ ልጆች ሁሉ ካልያዝኩ፣ የሚያፍረው እሱ ነው። ስለዚህ ከአገር የተላከ የደረቀ ዓሣ፣ ካልሲና ቸኮሌት ጠቀጠቅኩ። አብራኝ የምትኖረው እትዬ ማርሊንም «የተረፈውን ልበሺዋ! ሰው አይመዝኑ!» ብላ ለአባቴ የገዛሁትን ሁለት ሹራብና ካፖርት በሐምሌ ሙቀት ከላዬ ደራረበችብኝ። ይህ የእኛ የቅዳሜና እሁድ መንገደኞች ብልሃት ነው፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ከድቶኝ አያውቅም።

2ኛ. ስለ ሠራተኛችሁ ስለ ወይዘሪት ኢዛቤላ። ከሰልፉ ለይታ አወጣችኝ፤ ቦርሳዬ መለኪያው ብረት ውስጥ እስከ ወገቡ ገብቶ ተቀረቀረ። «ወይ ክፈዪ ወይ ቀንሺ» አለች። «እከፍላለሁ» አልኩ ወዲያው። የመክፈያ ማሽኗ መስመር የለኝም ብሎ ዝም አለ። ጥሬ ገንዘብ አወጣሁ። «ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም።» «እሺ፣ ማሽኑ እስኪሠራ ገብቼ ልጠብቅ?» «ሳትከፍዪማ አትገቢም!» እንዲህ ያለውን ፍርድ ያወጣ የሕግ አዋቂያችሁ ዕድሜው ይርዘም።

3ኛው በደል የራሴ ነው፣ አልደብቅም። ሁሉንም ጥዬ መግባት እችል ነበር። ከኋላዬ የነበሩ ሽማግሌ «ልጄ፣ ጣይውና ግቢ! በሩ ሊዘጋ ነው!» እያሉ ጮኸውልኛል። እኔ ሞኟ ግን ተንበርክኬ የማንን መርከበኛ ካልሲ ላስቀር እያልኩ እመርጥ ነበር። የዓሣው መጠቅለያ ተቀደደና ሰው ሁሉ አፍንጫውን ያዘ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። በመጨረሻ ሁሉንም መሬት ላይ በትኜ ስነሣ በሩ ተዘግቷል። አውሮፕላኑ ከመስተዋቱ ወዲያ ቆሟል፤ ደረጃው እንኳ አልተነሣም። «አንዴ ከተዘጋ አይከፈትም» ተባልኩ። አለቀስኩ፣ ለእናቴ ሳላለቅስ የቀረሁትን ጭምር። ወይዘሪት ኢዛቤላም «አይዞሽ እህቴ፣ ሌላ ቅዳሜ ትሄጃለሽ» አለችኝ። ሌላ ቅዳሜ የአባቴ መርከብ ብራዚል ነው።

4ኛ. በዚያው ቀን «ጉዞዎ እንዴት ነበር? ከአምስት ኮከብ ስንት ይሰጡናል?» ብላችሁ ስለጻፋችሁልኝ ተመስገን ነው፤ ሰው የሚያስታውሰው አያሳጣ።

ካሣ አልፈልግም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማሽናችሁ ሲሞት በራችሁም ጥቂት ይታገሥ።

ሰልፋችሁን አክባሪ፣ ሕጋችሁን ፈሪ፣ ከበሩ ውጭ የቀረች የዘወትር ደንበኛዎ፣
ጆቬሊን ማግባኑዋ፣ ከቪየና

ማስታወሻ፦ በረራው ጄኖቫ የደረሰው ዘጠኝ ደቂቃ ቀድሞ መሆኑን በኩራት ገልጻችሁልኛል። እውነታችሁን ነው፣ ምስክርም አለኝ። የአባቴ ስልክ እዚያ መስመር ስላልነበረው፣ መቅረቴን የነገርኩበትን መልእክት ያየው መርከቡ ከወደቡ ወጥቶ የመርከቡ ኢንተርኔት ሲከፈትለት ነው። ያን ጠዋት ግን ጢሙን ተላጭቶ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ከመርከቡ ላይ ቆሞ ነበርና፣ አውሮፕላናችሁ በላዩ ዝቅ ብሎ ሲያልፍ «ልጄ መጣች!» እያለ፣ ባሕሩ ዳር ወዳለው ማረፊያ ወርዶ እስኪሰወርበት ድረስ እጁን አወዛውዞለታል።