ለባለንብረቱ ብቻ የሚሰጥ ሳይክል

ይድረስ ለተከበሩ የፖሊስ ኤግዚቢት ክፍል ኃላፊ፦

እንደምን ሰንብተዋል? እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የቢሮዎ ቁልፍ ሳይቀር ደኅና ናችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ከጅጋ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የምኖር፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመን ፊደል የቆጠርኩ ሴት ነኝ። ደጅዎን እየጠናሁ ፊትዎን ለማየት ስላልታደልኩ ይህን ደብዳቤ ከሐራጅ ማስታወቂያዎ ጎን ለጥፌዋለሁ፤ መልካም አስተዳደር ሰፍኗል ሲባል በስብሰባ ስለሰማሁ እንደማይቀየሙኝ አምናለሁ።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። ልጄ ወንዳወቅ በሞተ በአርባ ቀኑ፣ እኛ ቤተ ክርስቲያን ሳለን ባለማርሽ ሳይክሉ ከቤት ተሰረቀ። ፖሊሶችዎ ከአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አወረዱት። ሌባው አመለጠ፤ ሳይክሉ ግን በቁጥጥር ሥር ዋለ። ባልደረባዎም ሳይክል በወፍራም ሰንሰለትና በሁለት ቁልፍ ከምሰሶ ጋር መታሰር እንዳለበት ስላስተማሩኝ ውለታቸው አለብኝ። ሰንሰለቱ ነበረን። በየማታው የሚያስረው ግን ወንዳወቅ ነበር፤ ደግሞስ የሐዘን ቤት ይዘረፋል ብሎ ማን ያስባል?

ቅሬታ ነው ካላሉብኝ ነገሩ እንዲህ ነው።

አንደኛ፦ ሳይክሉ የማን ነው ብትሉኝ የልጄ ነው አልኩ። እንግዲያው ባለንብረቱ በአካል ቀርቦ ይውሰድ ተባልኩ። በወባ መሞቱን ብናገር ጸሐፊዎ ከልቡ አዝኖ ነፍስ ይማር አለኝና፣ መምጣት ካልቻለ ውክልና ይላክ ሲል አከለ።

ሁለተኛ፦ ጎረቤቴ ያምሮት፣ «አንች፣ ዝም ብለሽ የኔ ነው በይና ተገላገይ፤ ማን ይጠይቅሻል?» ብላ መከረችኝ። እንዲያ ልል ቆርጬ ሄድኩ። መስኮቱ ፊት ስቆም አፌ እምቢ አለኝ። የእኔ ነው ካልኩ ልጄ የለም ማለቴ መሰለኝ።

ሦስተኛ፦ ፍርድ ቤት ሄጄ የልጄ ወራሽ መሆኔን እንዳስመሰክር ታዘዝኩ። ክቡር ሆይ፣ እሱ ነበር እኔን የሚወርሰኝ። ቤቱም፣ ላሟም፣ የጓሮው ጌሾም ለእሱ ነበር። ቢሆንም ትእዛዝ ነውና አስመሰከርኩ፤ እናት ልጇን ወረሰች ተብሎ ሰው በተሰበሰበበት ተነበበልኝ። ያን ቀን እንደገና የቀበርኩት መሰለኝ።

ወረቀቱን ይዤ ስመጣ፣ ማስረጃዎ ተሟልቷል፣ ይውሰዱ አሉኝ። ሳይክሉ ለሐራጅ ተሰናድቶ ግቢ ውስጥ ቆሟል። ጎማው ተነፍቷል፣ ፍሬኑ ተጠብቋል፣ ጭቃው ታጥቧል። የኋላ መቀመጫው ግን ተቆርጧል።

ያን መቀመጫ ልጄ ፍኖተ ሰላም ብየዳ ቤት ወስዶ ያሠራው ለእኔ ነበር። ጉልበቴን ስለሚያመኝ ገበያ አፈናጥጦ ይወስደኝ ነበር። ጓደኞቹ የሳይክሉን መልክ አበላሸኸው ብለው ሲስቁበት፣ እናቴን የት ላስቀምጣት ይላቸው ነበር። ዳገቱ ላይ ማርሹን እየቀየረ፣ እያለከለከ፣ «እማ፣ ጠበቅ አርገሽ ያዥኝ» ይለኛል። አሁን የምይዘው የለኝም።

ባልደረባዎ እንዳስረዱኝ መቀመጫው ገዢ ስለሚያሸሽ በመጋዝ ተነሥቶ፣ ዘብ ቤት ውስጥ የውኃ ጀሪካን ማስቀመጫ ሆኗል። ሳይክሉን ትቼው ወጣሁ።

እናም ሳይክሉን ይሽጡት፤ እኔ መንዳት ቀርቶ መግፋትም አልችልም። የምለምንዎ ያቺን ብረት ብቻ ነው። ለጀሪካኑ ማስቀመጫ የሚሆን ጥሩ ድንጋይ ተሸክሜ አመጣልዎታለሁ።

ስለ ትጋትዎ፣ ስለ ሥርዓት አክባሪነትዎና ስለ መጋዝዎ ስለት ያለኝን አክብሮት እየገለጽኩ፣ ዕድሜና ሹመት እመኝልዎታለሁ።

በሕግ የተመሰከረልኝ የልጄ ወራሽ
ታንጉት ወልደ ዮሐንስ
ጥቅምት 2001 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ከሳይክሉ ኋላ የቀረው የብረት ጉማጅ ስለታም ስለሆነ የገዢውን ሱሪ እንዳይቀድበት ይንገሩልኝ። እዚህ ላይ ምን ነበረበት ብሎ ከጠየቀዎ፣ እናት ነበረችበት ይበሉት።