ከነጠላው ጋር የወደቀው ሃርድ ዲስክህ

ለምወድህ አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት አለፈ። ባለፈው ሳምንት ሙት ዓመትህን አስበን እማዬ ከሏን አወለቀች። ባለ አበባውን ቀሚሷን ለብሳ ሳያት ሌላ ሰው መስላኝ ደነገጥኩ። ቪዲዮ ቤትህን ለባለቤቱ መልሰናል፤ አሁን ጁስ ቤት ሆኗል። ሳልፍ ማንጎና ፓፓያ ተደርድሮ አያለሁ። ሙሽሮቹን የምታቆምበት ሰማያዊ ግድግዳ ግን አልተቀባም። እኔ ትምህርቱን ከዘጠነኛ ክፍል አቋርጬ ሱቅ ላይ እማዬን አግዛለሁ። እንደምትቆጣ አውቃለሁ፤ ማታ ልቀጥል አስቤያለሁ።

ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስለ ሃርድ ዲስክህ ነው። ወደቀ፣ አባዬ።

ያረፍክ ዕለት ሴቶቹ ገብተው ቴሌቪዥኑን በእማዬ ነጠላ ሸፈኑት። ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን አይከፈትም። ከዚያ ወዲያ ማናችንም አልነካነውም። አንተ የውርጌሳውን ሰርግ ልታይበት ዲስኩን ሰክተህ እንደተውከው፣ ነጠላው ሥር ዓመቱን ሙሉ እንደተቀመጠ ረስተን ነበር። እማዬ «በቃ፣ ቤቱም ይተንፍስ» ብላ ነጠላውን ስትስበው ገመዱ ከዘርፉ ጋር ተጠላልፎ ነበርና ዲስኩ ሲሚንቶው ላይ ዱብ አለ።

እማዬ ራሷን ያዘች። ምን እንዳሰበች ገብቶኛል። የሀብሩን ሰው ሰርግ ስትቀርጽ ኖረህ፣ አንተ ራስህ የምትታይበት ቪዲዮ አንድ ብቻ ነው። እሱም እዚያ ውስጥ ነበር።

እትዬ ዘይነባ ጩኸታችንን ከጎረቤት ሰምተው መጡ። «ያረቢ! ሩዝ ውስጥ ቅበሩት፤ የኔ ስልክ በሩዝ አይደል የዳነው?» አሉ።

እማዬ «ዘይነብዬ፣ ያንቺ ስልክ ረጥቦ ነው፤ ይሄ እኮ የወደቀ ነው» አለቻቸው።

«ታዲያ ወጌሻ እንጥራለታ!»

እማዬ ሳቀች። ከሄድክ ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያኔ ነው። ሳቋ ሳያልቅ ግን ለቅሶ ሆነ።

እኔ ያስተማርከኝን አሰብኩ። የወደቀ ዲስክ ዝም ብሎ አይሰካም ትል ነበር። ዙሪያውን አየሁት፤ አንዱ ጥጉ ተሰንጥቋል። መሰኪያውን በስልክ መብራት አየሁት፤ አልተጣመመም። ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ቀስ አድርጌ ነቀነቅሁት፤ ውስጡ የሚንኮሻኮሽ የለም። ደስ አለኝ። ከዚያ በሌላ ገመድ ላፕቶፕህ ላይ ሰክቼ አዳመጥኩ። ደህና ዲስክ እንደ ንብ እምምም ይላል ብለኸኝ ነበር። ይሄኛው ጥቂት እምም አለና ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። ኮምፒውተሩም ፎርማት ላድርገው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እዚህ ላይ እሺ ያለ ሁሉንም አጣ ያልከኝ ትዝ ሲለኝ ቶሎ ነቀልኩት።

በማግስቱ በሻሽ ጠቅልዬ በሚኒባስ ወልድያ ወሰድኩት። መኪናው በዘለለ ቁጥር ከጭኔ ላይ ብድግ አደርገው ነበር። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ እንቁላል መስሏቸው «አንተ ሾፌር! የልጅቷን እንቁላል ልትፈጀው ነው እንዴ?» ብለው ጮኹልኝ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አይደለም ለማለት አፍሬ፣ እስከ ወልድያ ድረስ እንቁላል ይዤ ሄድኩ። ብትሰማ እንዴት በሳቅክ።

የኮምፒውተር ጠጋኙ ሰውዬ ካዳመጠው በኋላ ውስጡ ሳይጎዳ እንዳልቀረ ነገረኝ። የሚገለበጠውን ቶሎ እንገልብጥ፣ ባስገደድነው መጠን ይብስበታል አለ። አጠገቡ ተቀምጬ ሰርጎችህ ተራ በተራ ሲወጡ አየሁ። የግራናው ወጣ። የመርሳዎቹ ወጡ። የእትዬ ዘይነባ ልጅ ሰርግ ወጣ። ውርጌሳው ላይ ሲደርስ ቆመ። ሰውዬው ነቅሎ መልሶ ሰካው። ቀጭ፣ ቀጭ አለ፤ ከዚያ እሱም ድምፅ ጠፋ። አዲስ አበባ ወስደው የሚያስከፍቱ አሉ፣ ግን ባዶ ተስፋ አልሰጥሽም አለኝ።  በሻሼ መልሼ ጠቀለልኩት።

አባዬ፣ አንተ ያለህበትን የውርጌሳውን እኮ የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ሰው ፊት መቆም እንደምፈራ አይተህ መብራት ያዥ ያደረግከኝ አንተ ነህ፤ ከመብራት ጀርባ ያለን ሰው ማንም አያይም ብለህ። ውርጌሳ ላይ ግን የሙሽራዋ አጎቶች ጎትተው ዳስ መሃል ሲያስገቡህ ካሜራውን እጄ ላይ ጣልክልኝ። እስክስታ ስትወርድ የካሜራው ማንገቻ አንገትህ ላይ ቀርቶ ይወዛወዝ ነበር። አንዱ ጫማህ ተፈቶ ነበር። ወደ እኔ ዞረህ፣ እየቀረጽሽ ነው? ብለህ በቅንድብህ ጠየቅከኝ። ቤት ገብተን ስናየው ምስሉ ሁሉ ይንቀጠቀጣል፤ ርዕደ መሬት ነው የቀረጽሽው ብለህ ሳቅክብኝ። ሳቅክብኝ እንጂ አላጠፋኸውም። ደረቴን አመመኝ ብለህ እስከተኛህበት ምሽት ድረስ ደጋግመህ ታየው ነበር።

ትናንት የወጡት ሰርጎች ደህና መሆናቸውን ላይ ብዬ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ከፈትኳቸው። የግራናው ውስጥ ሙሽራዋ ስትገባ ምስሉ ጨለም አለ። ከዚያ እንደ ልማድህ ስትጠራኝ ያንተ ድምፅ መጣ። «ዝምታዬ፣ መብራቱን ከፍ!»

ባዶው እጄ ተነሳ። ሙሽራዋ ገብታ እስክትቀመጥ ድረስ አልወረደም።

የተፈታውን ጫማህን፣ ቅንድብህን፣ ማንገቻውን አልረሳም። ለእማዬ ደጋግሜ እነግራታለሁ፤ እኔ ከማውራት ዝም ማለት እንደሚቀለኝ ታውቃለህ፣ ይህንን ግን አወራለሁ። ክንዴ ሲዝል አይተህ መብራቱን በቃ አውርጂው ትለኝ ነበር። አሁን አላልከኝም። እስክትለኝ ድረስ ከፍ አድርጌ እይዘዋለሁ።

ዝምታህ