የጀላል ሬድዮ ቤት

ጥር 9 ቀን 1970
ልብስ አጠብኩ። ከሰዓት ጓድ በላቸው መጣ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር። ባለቤቴ ጀላል ኦጋዴን ከዘመተ ሰባት ወሩ። ሬድዮ መጠገኛ ሱቁ እንደተዘጋ ነው።
«እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ሥራ ካልጀመረ ለሌላ እንሰጠዋለን።»
«ባለቤቱ ዘምቷል እኮ።»
«እናውቃለን። የላክነው እኛ ነን።»


ጥር 14
ሱቁን ከፈትኩ። አቧራ... አሥራ አንድ ሬድዮ፣ ሁሉም ዝም። አንዱን ፈታሁት። ውስጡ ብዙ ነገር አለ። መልሼ ገጠምኩት። ሁለት ብሎን ተረፈ።

ጥር 20
የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ፣ ጋሼ ሞላልኝ ቤት ሄድኩ። ጡረታ የወጡ የስልክ ሠራተኛ ናቸው። ጀላልንም ሙያውን ያስተማሩት እሳቸው።
«ምን ታውቂያለሽ ሸሪፋ?»
«ምንም።»
«ጥሩ። የማስረሳሽ የለም።»
አንድ የባትሪ ድንጋይ፣ አንድ ትንሽ አምፖል፣ ሁለት ሽቦ ሰጡኝ። አንዱን ሽቦ ብቻ አገናኘሁ። እምቢ አለ። «የሄደው ዞሮ መመለስ አለበት፤ መመለሻ ከሌለው አይሄድም» አሉ። ለምን አለቀስኩ? ስለ ኤሌክትሪክ ነው የሚያወሩት። ሁለተኛውን ሽቦ ሳገናኝ በራ።

የካቲት 4
በየሳምንቱ እየወረድኩ ነው። ሬዚስተር ኤሌክትሪክ ያሳልፋል፣ ግን ይቀንሳል። ዳዮድ በአንድ በኩል ብቻ። ካፓሲተር ያጠራቅማል፤ ከተነቀለም በኋላ ይመታል።
የመጨረሻውን በራሴ ነው ያወቅኩት። ነክቼው ክንዴ ደነዘዘ።
«አልነገሩኝም እኮ!»
«አሁን አትረሺውም።»

የካቲት 28
አንዱ ሬድዮ ተናገረ! የተነቀለ ሽቦ ነበር፣ በየድኩት። ጅጅጋ ነጻ ወጣ ይላል። የሰው ስም ግን አይጠሩም። ከጀላል ደብዳቤ ከመጣ ሦስት ወር...

ሚያዝያ 19
የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ተበላሸ። የሠራተኞች ቀን ሰልፍ አራት ቀን ቀረው። ጓድ በላቸው አሸክሞ አመጣው።
«ካልሠራ አሻጥር ነው።»
«የማን?»
«እሱን እንመረምራለን።»
ፊውዙ ተቃጥሏል። ቀየርኩ። ተቃጠለ። ደግሜ ቀየርኩ። እሱም። 

ሚያዝያ 21
ጋሼ ሞላልኝ ታመው ቦሩ ሜዳ ሐኪም ቤት ተኝተዋል። ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ለጥየቃ ነው የሄድኩት? ግማሹ ለጥየቃ።
«ፊውዙን ተዪው» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ። «ምን እንዳቃጠለው ፈልጊ።»

ሚያዝያ 22
ሽቦ በሽቦ ስፈልግ ዋልኩ። ከኋላ በኩል አይጥ ልባሱን የበላው ሽቦ፣ ከብረት ሣጥኑ ጋር ተነካክቷል። በላስቲክ ጠቀለልኩት። አዲስ ፊውዝ። ቢስሚላህ። ጮኸ! ጎረቤት ሁሉ ወጣ።
«አይጥ ነው» አልኩት ጓድ በላቸውን። ሳይስቅ መዘገበ። ሱቁ ይቆይልሽ አለ።

ግንቦት 30
ጀላል መጣ። አልሐምዱሊላህ። ከስቷል። የቀኝ እጁ ጣቶች አይታጠፉም፣ ጥይት ነው። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሱቅ ገባ። የጠገንኩትን ገልብጦ አየ።
«ማን በየደው?»
«እኔ።»
«የመበየጃውን ሊድ አብዝተሻል።»
«አውቃለሁ።»
ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።  ሻዩን እዚያው አመጣሁለት።

ሰኔ 5
አንድ ሰውዬ ከሐርቡ ሬድዮ ይዞ መጣ። በቀጥታ ለጀላል ዘረጋለት።
«ወንድሜ፣ ድምፁ ይቆራረጣል።»
ጀላል አልተቀበለውም። በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። ሰውዬው እሱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ሬድዮውን እኔ ፊት አስቀመጠው።
«እህቴ፣ ድምፁ ይቆራረጣል።»