በይለፉ ላይ የተጻፈው ሰዓት

ኅዳር 9 ቀን 1973 ዓ.ም.፣ ኮን

በአሥራ አንድ ዓመት የሾፌርነት ዘመኔ ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጥኖ በመንዳት ተከሰስኩ። ከኮን የተነሣሁበት ሰዓት እዚያው ኬላ በሰጡኝ የይለፍ ወረቀት ላይ ተጽፏል። የላሊበላው ኬላ ፖሊስ የእጅ ሰዓቱን አይቶ፣ «በርረህ ነው የመጣኸው?» አለኝ። ሌሎቹ ሾፌሮች ሲፈጥኑ ለመንገዱ የተወሰነው ሰዓት እስኪሞላ ከኬላው በፊት ወንዝ ዳር መኪና ያጥባሉ። እኔ ፈጥኜ ስለማላውቅ አላሰብኩትም።

አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ፣ «አሞኝ ነው የፈጠነው ልበለው፣ ልጄ?» አሉኝ በቀስታ። ደህና ነበሩ። መንገዱ ባዶ ሆኖ ደስ ስላለኝ ብቻ ነው የፈጠንኩት።

«ይተዉት አባቴ» ብዬ ክሱ ላይ ፈረምኩ። ንጹሕ የነበረው ማኅደሬ ውስጥ ይገባል።

ከእንግዲህ ቀስ ብዬ እንደምነዳ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ግን ከሰዓት በኋላ በዚያው ስመለስ፣ ወንዙ ዳር ለመኪና የሚመች ጥላ የቱ ጋ እንዳለ ሳላስበው እያየሁ ነበር።