ጠጅ ቤት በር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌዎች

ውድ አሰልጣኝ ጉርሜሳ፣

ስልክህ ዝግ ነው። ቴሌግራም ላይ የጻፍኩልህም ሁሉ ሳይነበብ ቀርቷል። ስለዚህ እንደ ድሮ ሰው ወረቀት ላይ ጽፌ፣ መተሐራ ለሚመላለሰው ለቡድናችን ልጅ ለሶሲ አጎት ሰጥቼዋለሁ። እዚያ ትምህርት ቤት ስፖርት እያስተማርክ መሆኑን የነገረንም እሱ ነው። አንተ እያልኩ የምጽፍልህ ሜዳ ላይ የለመድነው እንደዚያ ስለሆነ ነው። አሁን አንቱ ብልህ ራሴው እስቃለሁ።

ልወቅስህ አልተነሳሁም። ሁለት ነገር ላሳውቅህ ነው። አንደኛው፣ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድናችን አልፈረሰም። ሁለተኛው፣ እናትህን አግኝተናቸዋል። እዚህ ላይ ስትደርስ ወረቀቱን እንዳታጥፈው። እስከ መጨረሻው አንብበውና ከዚያ እንደፈለግህ አድርገው።

ዶክተር ይትባረክ ሁለቱን ቡድን አዳራሽ የሰበሰቡበትን ቀን ታስታውሳለህ። ኮሌጁ የግላቸው ነው፣ ኪሱም የግላቸው ነው፣ ይህን ማንም አልካደም። እግር ኳሱ ተማሪ ያመጣል፣ መረብ ኳሱ ግን ወጪ እንጂ ገቢ የለውም አሉ። ስፖንሰር ካመጣን አሰላ ለኮሌጆች ውድድር እንሄዳለን፣ ካላመጣን ቡድኑ ዘንድሮ ያበቃል። እሳቸው ይህን ሲሉ በሩ ላይ የተሰቀለው የምዝገባ ባነር የኛን ፎቶ ይዞ ነበር፤ ኡሙልኸይር መረቡ ላይ ስትዘል። እሷም እጇን አውጥታ፣ “ዶክተር፣ ባነሩ ላይ ስዘል ገቢ ነኝ፣ ሜዳ ላይ ስዘል ወጪ ነኝ ማለት ነው?” አለቻቸው። አዳራሹ ሳቀ፣ እሳቸውም ሳቁ። ሦስተኛ ዓመት አካውንቲንግ ተማሪ ነኝ፣ ለጥያቄዋ እስካሁን መልስ አላገኘሁም።

ከፖስታ ቤት እስከ ፍራንኮ ሰፈር ያልገባንበት ሱቅ የለም። የብረታ ብረት ነጋዴው “ሴቶችም ኳስ ይጫወታሉ እንዴ?” አለ። የካፌው ባለቤት አቮካዶ ጁስ ጋብዞ በፈገግታ ሸኘን። የኛ ቸርች በጸሎት እንደሚያስበን ነገረን፤ እኔም ጸሎት ለሚኒባሱ ነዳጅ አይሆንም ብዬ አባቴ ፊት ተናግሬ ተቆጣኝ። ሶሲ ግን ምላሷም እግሯም ሰው አይፈራም። “የቀረን ጠጅ ቤት ብቻ ነው” ብላ እየቀለደች ሰፈሯ ካለው አንዱ ዘንድ ገባች። ቀልዱ እውነት ሆነ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ሻሼ ማሊያውንም፣ ትራንስፖርቱንም፣ ምግቡንም እችላለሁ አሏት። አልተከራከሩም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ “አሰልጣኛችሁ ጉርሜሳ ነው አይደል?” ሶሲም አዳማ ውስጥ አንተን የማያውቅ የለም ብላ ኮራች።

ማሊያው በማዳበሪያ ተጠቅጥቆ የመጣ ቀን ሁላችንም ከበብነው። ፊቱ ላይ የኮሌጁ ስም፣ ጀርባው ላይ ከቁጥሩ በላይ “ሻሼ ጠጅ ቤት”። ጫልቱ እየሳቀች መሬት ላይ ተቀመጠች። አንተ አንዱን አነሳህ፣ አየኸው፣ እንደተተኮሰ ልብስ አጣጥፈህ መለስከው። ከዚያ ፊሽካውን ከአንገትህ አውጥተህ ሰጠኸኝና “ሰርቭ አለማምጂያቸው” ብለህ ሄድክ። ውሃ ልትጠጣ መስሎን ነበር።

ሃይማኖትህ ነው አልን። ምን ሌላ እንበል? ከጨዋታ በፊት የምታስጸልየን አንተ ነህ። ሶሲ ሰውነት ስናሟሙቅ ዘፈን አንጎራጎረች ብለህ ሜዳውን ያስዞርካት አንተ ነህ። እንዲህ ያለ ሰው “ጠጅ ቤት” የሚል ማሊያ ከለበሰ ቡድን ጋር እንዴት ይቀመጣል? ያቺን ቃል ብናስወጣት ይመለሳል ብለን ተስማማን። ችግሩ ማን ይንገራቸው የሚለው ነበር። ማንም ዞር ብሎ ባላየን ጊዜ እጃቸውን የዘረጉ ሴት ናቸው። ቤትዎ ያሳፍረናል ማለት ወርቅ ላበደረ ጠጠር ነው። ኡሙልኸይር ናት “ሽማግሌ እንላክ” ያለችው። የልጅ አፍ የማይችለውን ነገር ሽማግሌ ይችለዋል፤ እኛ ዘንድ ልማዱ እንደዚያ ነው።

ሦስት ሽማግሌ ተገኘ። አባቴ አቶ ምልኬሳ፣ መለዋወጫ ነጋዴና የቸርች አገልጋይ። የኡሙልኸይር አባት ሃጂ አብዱልጀባር፣ የሽንኩርት ነጋዴ። የጫልቱ አያት ኦቦ ቶኩማ፣ ከወንጂ ጡረታ የወጡ። በሩ ጋ ስንደርስ አባቴ ቆመ። ጠጅ ቤት አልገባም አለ። ሃጂም አልገባም አሉ። ኦቦ ቶኩማ ብቻ “እኔ እንኳ ችግር የለብኝም” ብለው ወደ ውስጥ አጮለቁ። በመጨረሻ ወንበር ወጥቶ ሦስቱ በሩ ላይ፣ መንገድ ዳር፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። ባጃጁ ሁሉ አጠገባቸው ሲደርስ ፍጥነት ይቀንሳል። አባቴ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ አወረደው። እኛ ከመንገዱ ማዶ አንድ ሱቅ ጥላ ሥር ቆመን ከንፈራችንን ነክሰን እንስቅ ነበር። ያን ሳቅ አሁን ሳስበው ደስ አይለኝም።

እትዬ ሻሼ ሽርጣቸውን እንዳሰሩ ወጡና ሦስቱን ሲያዩ ባሉበት ደረቁ። ተመልሰው ገቡ። ሲወጡ ልብስ ቀይረው፣ ነጭ ነጠላ ለብሰው፣ ሦስት ብርጭቆ ብርዝ በትሪ ይዘው ነበር። “ማር በውሃ ነው፣ አልፈላም። ለሃጂም ለሁላችሁም ይሆናል” አሉ። መንገዱን ተሻግሬ ትሪውን ተቀበልኳቸው፤ ሌሎቹም ተከተሉኝ።

ኦቦ ቶኩማ ጉሮሯቸውን ጠርገው “እንግዲህ ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነው” ብለው ጀመሩ። እትዬ ሻሼ አላስጨረሷቸውም።

“ልጄ ነው የላካችሁ?” አሉ። “ጉርሜሳ ነው አይደል? እኔ እኮ አልተቀየምኩትም። ምን ሽማግሌ ያስፈልገዋል ለእኔ? ዝም ብሎ ቢገባስ?”

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ሶሲ። ሰው የማትፈራው ሶሲ ኡሙልኸይር ጀርባ ገባች።

በየቤቱ ሽማግሌ የሚመጣው ለሁለት ነገር ነው፤ ወይ ለልጅ ወይ ለእርቅ። እሳቸው ሴት ልጅ የላቸውም። ስለዚህ እርቅ ነው ብለው ልብስ ቀየሩ። እኛ ደግሞ ይህን አላሰብንም፤ እናትህ መሆናቸውንም አናውቅም ነበር። አንተ ለኛ የደራ ገበሬዎች ልጅ ነበርክ።

ኦቦ ቶኩማ አዎ ሊሉ እንደነበር ፊታቸው ላይ አይቻለሁ። አዛኝ ሰው ናቸው። አባቴ ግን ቀደማቸውና ባርኔጣውን አወለቀ። “እኅቴ፣ ልጅዎ አይደለም የላከን። እነዚህ ልጆች ናቸው” አለ። ከዚያ የመጣንበትን ከነምክንያቱ ተናገረ። ቢዋሽ ምን ነበረበት ብዬ ያኔ በጣም ተናድጄበታለሁ። አሁን አልተናደድኩም። ሌላ ሰው የዋሸውን አባቴ ለምን ይሸከመው?

እትዬ ሻሼ ብርጭቆዎቹን እያዩ ሰሙ። “አታሚው በሙሉ ስሙ ይሁን ሲለኝ ንግድ ፈቃዴን ሰጠሁት” አሉ። “ላሳፍረው ብዬ አይደለም። ወላሂ፣ በእግዚአብሔር፣ በየትኛውም ልማል። አባቱ ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጥ ሞተ። ሌላ የማውቀው ሥራ አልነበረም፣ በዚሁ አሳደግኩት፣ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ጌታን ተቀበልኩ ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ቢያንስ አይሰክርም አልኩ። ሥራሽን ተይ አለኝ። ትቼ ምን ልብላ? ከዚያ ወዲህ ይኸው ቀረ።”

ጫልቱ አፏ አመለጣትና “የደራ ልጅ ነኝ ነው የሚለን እኮ” አለች።

“አባቱ የደራ ሰው ነው። አልዋሸም” አሉ እትዬ ሻሼ ቶሎ ብለው።

የቸኮሉበት ፍጥነት ገርሞኛል። መረብ ላይ የወደቀ ኳስ እንኳ እንደዚያ የሚነጥቅ ተከላካይ ቡድናችን የለውም። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካከሉና ለሽማግሌዎቹ “ቤቴንም ስሜንም አውጡት። ገንዘቡ ግን የልጆቹ ነው። እሱ ወደ ሥራው ይመለስ” አሉ።

ሃጂ አብዱልጀባር ብርጭቆውን እስከዚያ ድረስ አልነኩትም ነበር። አሁን አንስተው እስኪያልቅ ጠጡት። “ሃርሜ፣ እናቴ፣ ስምዎ ከማሊያው አይወጣም” አሉ። አባቴም ጠጣ፣ ያውም አንድ የቸርቹ ሰው ከባጃጅ ላይ አንገቱን አስግጎ እያየው። እሁድ ሲጠይቁት “ማር በውሃ ነው” ከማለት ሌላ አላብራራም። ኦቦ ቶኩማ ውስጥ ገብተው ምን እንደጠጡ አልጠየቅናቸውም።

እኛ ተጣላን። ጫልቱ ባዶ ይሁን አለች። ኡሙልኸይር እሳቸውን ለሁለተኛ ጊዜ መካድ ነው፣ አንድ ልጅ ከካዳቸው ይበቃል አለች። እኔ ጠጅ የሚለውን ለብሼ ቸርች ብታይ ምን እንደሚከተለኝ አስቤ ከማንም ወገን አልሆንኩም። ኋላ አታሚው ዘንድ ሄድን፤ ከስማቸው በኋላ ያለውን በጨርቅ ሸፍኖ ሌላ አተመበት፣ ከፊቱም “የ” ጨመረ። አሁን የማሊያው ጀርባ “የሻሼ ልጆች” ይላል። የመጀመሪያውን ወስደን ስናሳያቸው እትዬ ሻሼ በጣታቸው ደጋግመው ዳበሱት። “ሲታጠብ ይለቃል?” ብቻ ነው ያሉት። አይለቅም አልናቸው።

አሰላ ብርድ ነበር። ሁለት አሸነፍን፣ ግማሽ ፍጻሜው ላይ ተሸነፍን፣ ሦስተኛ ወጣን። ዶክተር ይትባረክ ለፎቶ ደረሱና ጀርባችንን ሲያዩ “በፊት ለፊት ብቻ ቁሙ” አሉ። ካሜራው ሲጫን ሶሲ ዞረች። አዲሱ ባነር ላይ ሶሲን ቆርጠው አስወጥተዋታል። ዶክተሩ ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ወጪ አላወሩም፤ ምክንያቱም ወጪያችን ሌላ ሰው ዘንድ ነው።

እትዬ ሻሼ አልመጡም፤ ቤቱን የሚጠብቅላቸው የለም። ጨዋታው ሲያልቅ ደወሉልን። መጀመሪያ “በልታችኋል?” አሉ። ቀጥሎ “እሱ መጣ?” ሶሲ አልመጣም አለቻቸው። “መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል” አሉ።

ጉርሜሳ፣ የዚያን ቀን መንገድ አልተዘጋም።

እወድሃለሁ፤ እንደ ታላቅ ወንድም። መረብ ኳስ ያስተማርከኝ አንተ ነህ፣ አልክድህም። ኳስ ሲመጣ “የእኔ!” ብላችሁ ጩኹ፣ ሁለታችሁም ዝም ካላችሁ መሃላችሁ ይወድቃል ትለን ነበር። እናትህ ጮኸዋል። ከነጠጅ ቤታቸው፣ በአታሚ ቀለም፣ ጀርባችን ላይ ጮኸዋል። አንተ አጣጥፈህ መለስከው። በዚህ ተቀይሜሃለሁ፤ ይህንንም አልደብቅህም።

እንድታሰለጥነን አልለምንህም። እንደምንም እየሠራን ነው። ሽማግሌም አንልክብህም፤ ጠይቀናቸው እምቢ ብለዋል። አባቴ “ወደ እናቱ ለመሄድ ሽማግሌ የሚያስፈልገው ሰው…” ብሎ ሳይጨርሰው ተወው።

ብቻ ልብህ ከተነሳ ጠዋት ና። ጠጅ ቤቱ ጠዋት ደንበኛ የለውም። እሳቸው በር ላይ ብቻቸውን ይቀመጣሉ። ማንም አያይህም።

ሀሴት ምልኬሳ
የቡድኑ አምበል፣ አዳማ