ለሟች እህቴ የተጻፉ ኢሜይሎች እንዳይነበቡ

ሰኔ 14 ቀን 2567 በቡድሃ ዘመን አቆጣጠር

ለወረዳው ፖሊስ ጣቢያ አዛዥ
ቺያንግ ማይ

ጉዳዩ፦ የእህቴ የናሪሳራ ቺናዎንግ ስልክ እንዲመለስና ከውስጡ የተገለበጡ ኢሜይሎች እንዲጠፉ ስለመጠየቅ

ክቡር አዛዥ፣

እኔ አመልካች ኢንቲራ ቺናዎንግ ዘንድሮ በኮምፒውተር ሳይንስ የተመረቅሁ ስሆን፣ ሟች ታላቅ እህቴ ናት። ከፍላ ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ በምረቃ ፎቶዬ ላይም አጠገቤ የቆመችው እሷው ናት። ፋይ የቤት ስሟ ነው፤ እኔና ጓደኞቿ እንደ ታላቅ እህት ፒ ፋይ እንላታለን።

1. ፒ ፋይ ባለፈው ወር በሞተር ሳይክሏ ወደ ቤት ስትመለስ የጭነት መኪና ገጭቷት ሞተች። ሾፌሩ ጥፋቱን አምኗል። ስልኳ ግን ለምርመራ ተብሎ እስካሁን በጣቢያው ተይዟል።

2. የእህቴን ሥራ አልደብቅም። ያለ ደላላና ያለ አለቃ፣ በግሏ ከደንበኞች ጋር በክፍያ የምታመሽ ሴት ነበረች። አዲስ ደንበኛ እውነተኛ ስሙንና የሚሠራበትን ቦታ አስቀድሞ በኢሜይል ካልላከላት አታገኘውም። በግላቸው የሚሠሩ ሴቶች ሕይወታቸውን የሚጠብቁት በዚህ ነው። «ኖንግ፣ ታናሼ፣ እነሱ አምነውኝ ስማቸውን ይሰጡኛል፤ እኔ ለማንም አልናገርም፤ በሰላም ቤቴ እገባለሁ። በቃ፣ ውላችን ይኸው ነው» ትለኝ ነበር።

3. ስልኩን ልጠይቅ ስመጣ መርማሪው ኢሜይሎቹን በጣቢያው ኮምፒውተር ገልብጦ ለባልደረቦቹ ጮክ ብሎ ሲያነብ ደረስሁ። «ኧረ ይሄን ሽማግሌ ስሙት! ‹የሠራሽልኝ ሾርባ ሟች ሚስቴን አስታወሰኝ› ይላል። ለሾርባ ነው እንዴ የሚከፍለው?» ተሳሳቁ። እኔን ሲያይ፣ «ግቢ እንጂ ኖንግ፣ ምን ያሳፍርሻል? የቤተሰብ ጉዳይ እኮ ነው» አለኝ። መዳፎቼን አጋጥሜ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ ሰላምታ ሰጠሁና ወጣሁ።

4. ከዚያ ወዲህ መርማሪው ለእህቴ ደንበኞች በየመሥሪያ ቤታቸው እየደወለ ነው። ሾፌሩ ካመነ በኋላ ከእነሱ ምን ቃል እንደሚፈለግ አልገባኝም። ወሬው ግን ወጥቷል። አሁን ለእህቴ የሥራ ጓደኞች ስሙን የሚሰጥ ደንበኛ የለም። አንዷ ባለፈው ሳምንት ማንነቱን ካላወቀችው ሰው ጋር ሄዳ ክንዷ ተሰብሮ ተመለሰች። ሆስፒታል ልጠይቃት ስሄድ፣ «ፒ ፋይ ብትኖር ይሄኔ ስድቡን ታወርድብኝ ነበር» ብላ ልትስቅ ሞከረች። አልሆነላትም።

5. አስከሬኗ ከመቃጠሉ በፊት በቤተ መቅደሱ ብዙ የአበባ ጉንጉን መጣ። እንደ ልማዳችን በየሪባኑ ላይ የላኪው ስም ተጽፏል። የአንዱ ሪባን ግን ባዶ ነበር። እናቴ አንድም ነገር ሳትጠይቅ ከዘመዶቻችን አበባ መካከል፣ ከሬሳ ሣጥኑ አጠገብ አስቀመጠችው። መርማሪው ይህንንም ሰምቶ፣ «ማን እንደላከው ታውቂያለሽ፤ ተናገሪ» እያለ እየጠየቀኝ ነው።

ስለዚህ ስልኩ ለእናቴ እንዲሰጥልን፣ ቅጂዎቹ እንዲጠፉ፣ ለሰዎቹ መደወሉም እንዲቆም ትእዛዝ እንዲሰጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ቅጂዎቹን አጣርቶ የሚያጠፋ ባለሙያ ከሌለ፣ በፈለጉት ሰው ፊት እኔው ያለ ክፍያ እሠራለሁ። ከፈቀዱልኝም ከስልክ የሚገኝ የሰው ምስጢር በጣቢያው እንዴት እንደሚያዝ የመመሪያ ረቂቅ ጀምሬያለሁ፤ ጨርሼ ላቀርብ ዝግጁ ነኝ። ጣቢያችን በዚህ ለሌሎች ምሳሌ ሊሆን እንደሚችል ከልቤ አምናለሁ።

የባዶውን ሪባን ላኪ ግን አላውቀውም። ስልኩ እጄ ከገባ ፈልጌ ማግኘት አያቅተኝም፤ እህቴ ያስተማረችኝ ሙያ ነው። አልከፍተውም።

ከሐዘንና ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
(ፊርማ)
ኢንቲራ ቺናዎንግ
የናሪሳራ ታናሽ እህት