ባለመንጠቆዋ ነጥብ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? የባሕር ዳር ሙቀትስ? ተማሪዎችሽስ ይፈሩሻል? እኛ የአባባ ቁጣ ሳይቀር ሁላችንም ደህና ነን።

ስልክሽን ስለዘጋሽ ይህን በሚኒባስ ሹፌር እጅ ልኬልሻለሁ። እታለም፣ «ለፋሲካ አልመጣም» ያልሽውን ሰርዢው! ምስጢሩን ያገኘሁት እኔ ነኝ!

አባባ በእንግሊዝኛ የላኩልሽ መልእክት እንዳስለቀሰሽ እማዬ ነግራኛለች። «ልጄ ነሽ? ይቅር ብዬሻለሁ? ቤቱ ቤትሽ ነው?» የሚለው። እንግሊዝኛ ልማር ብለሽ ስትሄጂ «ልጄ አይደለሽም» ያሉ ሰው እንዲህ ሲጽፉ ማን ፌዝ አይመስለውም?

ነገሩ ወዲህ ነው። ያቺ አሮጌ ስልካቸው የእኛ ፊደል የላትም። አማርኛን በፈረንጅ ፊደል መጻፍ ደግሞ ለአባባ ጾም ከመግደፍ አይተናነስም። ስለዚህ የዘጠነኛ ክፍል መጽሐፌን ወስደው እንግሊዝኛውን ራሱን ተማሩልሽ! በቤተ ልሔም የዜማ ጉባኤ ቤት ድጓ ያስመሰከሩ መሪጌታ «ዚስ ኢዝ ኤ ካው» እያሉ በዜማ! ላሚቱ እንኳ ዞር ብላ አየቻቸው።

አርብ ከገበያ ስመለስ «ውሃ ቅጂ» ብለው በእንግሊዝኛ ጽፈው ጠበቁኝ። መጨረሻው ላይ አንዲት ነጥብ። ያንቺን መልእክት ከስልኩ ባወጣው ሁሉም ባለመንጠቆ!

«አባባ፣ ለእኔ ነጥብ፣ ለእሷ መንጠቆ ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

«ይህንንም አታውቂም? ባዶዋ ነጥብ ለአንተና ለአንቺ ናት። ዘውድ የደፋችው ለአንቱ ናት» አይሉኝም!

ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። የጥያቄ ምልክት መሆኗን፣ «ልጄ ነሽ ወይ?» ብለው እንደጠየቁሽ ስነግራቸው ግን ጥምጥማቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። ከዚያ፦

«እንግሊዝኛ ታዲያ አንቱ የለውም?»

«የለውም።»

«ለጳጳስም?»

«ለጳጳስም።»

«ባለጌ ቋንቋ!» አሉ።

እኔ መቼ ዝም እላለሁ፣ «ደግሞስ ለገዛ ልጅዎ አንቱ?» ብዬ ዘበትኩባቸው። አልተቆጡም፤ አልሳቁምም።

«መምህር ናቸው እኮ» አሉ፣ ወደ መሬት እያዩ።

ስለ አንቺ ነው፣ እታለም።

አሁን ስልክሽን ክፈቺው። አዲስ መልእክት ታገኛለሽ፤ መንጠቆ የለውም። «አረፍተ ነገር በአንዲት ነጥብ ያልቃል» ብዬ ብለምናቸው አንዷ ለአንቱ አንሳባቸው አራት አድርገዋታል። አደራ፣ እንዳታርሚያቸው።

የተቀያየሙትን የሚያስታርቅ አምላክ ለትንሣኤው በአንድ ማዕድ ያገናኘን።

ባዶ ነጥብ የሚበቃት
ታናሽ እህትሽ።